ራሱ ለጣሊያን፣ ጅራቱ ለሐበሻ

በእኛ ጊዜ እኮ ሰዓት እንዲህ እንዳሁኑ በየሰዉ እጅ ላይ የሚታሰር ነገር አልነበረም፣ ዳዊት። እስቲ ያንን የእጅህን አምጣው። ስንት ቁልፍ ነው ያለው? አራት። ይሄኛው ምን ያደርጋል? ያበራል። ይሄስ? ይደውላል። ይደምራል ደግሞ? እሰይ፣ መደመር የሚያውቅ ሰዓት። ታዲያ ትናንት በአምስት ሰዓት እመጣለሁ ብለህ በስምንት ሰዓት የመጣኸው ለምንድነው? ባትሪው አልቆ። አላልኳችሁም? አሁንም እንዳለቀ ነው? ይኸው ነው እንግዲህ። አያታችሁ ቢኖር ኖሮ ይስቅብህ ነበር። ያ ቴፕ እየቀዳ ነው? ይቅዳ፣ ይቅዳ፣ ምን ይሆናል፣ ያ ሁሉ ሰው ዛሬ የለም። እናንተ ግን መሐል ላይ እየገባችሁ አታቋርጡኝ፣ ካቋረጣችሁኝ ይጠፋብኛል።

ጣሊያን በገባ ጊዜ እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነኝ። አያታችሁ ወልዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ሙያውን የተማረው አራዳ ከነበረ አንድ አርመን ዘንድ ነው፤ ታዲያ አርመኑ በግርግሩ ሱቁን ዘግቶ ሄደና ወልዴ እዚሁ ልደታ፣ እዚሁ ግቢ፣ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ መሥራት ያዘ። ዝምተኛ ሰው ነው። እኔ ነኝ የምናገረው፣ እሱ ወረንጦውን ይዞ አጎንብሶ ይሰማል። ስጨርስ "እሺ ብርቄ" ይለኛል። በቃ ይኸው ነው መልሱ።

እና የራሱ የኪስ ሰዓት ነበረው። ነጭ ፊት፣ ሁለት ጥቁር ቆጣሪ፣ ሌላ ምንም የለውም። ቀን አይናገር፣ አይደውል፣ ወርቅ አይደል። "ድዳው" ነበር የምንለው። ድዳው የት አለ? ድዳውን ሞላኸው? እንዲህ ነበር የምንባባለው። ጠዋት ተነስቶ ይሞላዋል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። አንድ ጊዜ እኔ ሳላይ ከሱሪው ጋር ገንዳ ውስጥ ነክሬዋለሁ፣ የሳሙና ውኃ ጠጥቶ ነው የወጣው። ወልዴ ምንም አላለኝም፤ ፈታታው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ መልሶ ገጠመው፣ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰዓት ነው።

ታዲያ ጣሊያን ሰዓት እላፊ አወጀ። አዋጁ ደግሞ በእነሱ ሰዓት ነው። ለእኛ ሁለት ሰዓት የሆነው ለእነሱ ስምንት ነው፣ ለእኛ ስድስት የሆነው ለእነሱ አሥራ ሁለት ነው፤ ሰው ይምታታበታል፣ ተምታቶበት መንገድ ላይ የተገኘ ደግሞ ወዮለት። ወልዴም "እንዳንሳሳት" ብሎ ድዳውን በእነሱ ሰዓት አደረገው። እኔ ተናደድኩ። ፀሐይ ስትወጣ ስድስት ሰዓት ነው የሚል ሰዓት በቤቴ! እንዴት ነው እኔ በዚህ የምኖረው አልኩት። እሺ ብርቄ አለኝ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር አየሁ። አጭሩ ቆጣሪ፣ ሰዓት የሚናገረው፣ ከመሐል ወዲያ ትንሽ ጅራት አለው። የቆጣሪው ራስ ሰባት ላይ ሲሆን ጅራቱ አንድ ላይ ነው። ራሱ አሥራ ሁለት ላይ ሲሆን ጅራቱ ስድስት ላይ ነው። ምንጊዜም እንደዚያ ነው፣ አይዛነፍም። እና እኔ ራሱን ትቼ ጅራቱን ብቻ ማንበብ ጀመርኩ። ለወልዴ ስነግረው ወረንጦውን አስቀምጦ ሳቀ። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

አሁን ወደ ባላምባራስ ልምጣላችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ የልጅ ልጆቻቸው እዚሁ ሰፈር ናቸው፣ አምና ሰርግ ጠርተውኛል፣ ጥሩ አድርገው አብልተውኛል። ባላምባራስ ጣሊያን ሲመጣ ቀድመው ወጥተው እጅ ከነሱት ናቸው። ባንዳ ነበሩ፣ ምን ብዬ ላሳምረው። እና የአይሮፕላን ሜዳው ሹም፣ ካፒታኖው የሚሉት፣ ወዳጃቸው ሆነ። አይሮፕላን ሜዳው ያን ጊዜ እዚሁ ልደታ ነው፣ ሲያርፍ ጣራችንን የሚነካ ይመስለን ነበር። ታዲያ ለፋሲካ ካፒታኖው ለባላምባራስ ሰዓት ሰጣቸው።

እንዲህ ያለ ሰዓት አይቼ አላውቅም። ክዳኑ ወርቅ ነው። ሲከፈት በትንሽ መስኮት ጨረቃ ትወጣለች፣ ትሞላለች፣ ትጎድላለች። በሌላ መስኮት ከወሩ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይላል። ከጎኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን ሲጫኑት ሰዓቱን በደወል ይቆጥራል፣ ኪሊንግ፣ ኪሊንግ፣ ኪሊንግ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ያያል። ባላምባራስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ሳይቀር ያስደውሉታል። ሴቱ "ጉድ ነው" ይላል። ወልዴ ብቻ አይቶት ሲመለስ ፊቱ ጨለመ። "ምነው?" አልኩት። "ይሄ ለፍላፊ ብዙ ሥራ ተጭኖበታል ብርቄ። አንዱ ሲታመም ሌላውን ሁሉ ይዞት ይተኛል" አለኝ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ስሙ "ለፍላፊው" ሆኖ ቀረ።

አሁን ባላምባራስ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ። ሰዓቱ የሚናገረው በፈረንጅ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሐበሻ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ተነስተው ቆጣሪውን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጠመዝዙታል። ካፒታኖው ሊመጣ ነው ሲባል ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ይጠመዝዙታል። ሲሄድ እንደገና ወደ ኋላ። ድዳው ቢሆን ምንም አይለው፣ ችሎ ይዞር ነበር። ያ ግን ውስጡ ቀን አለ፣ ጨረቃ አለ፣ ደወል አለ፣ ሁሉም የተሠራው ወደ ፊት እንዲሄድ ነው። ማን ይንገራቸው?

የግንቦት ልደታ ዋዜማ ደረሰ። ያን ዓመት ንፍሮው እሳቸው ግቢ ነው የሚበላው፣ ካፒታኖውም ምሳ ተጠርቷል፤ ለእነሱም ያ ቀን በዓላቸው ነው፣ መንግሥታቸውን ያወጁበት ነው ይባላል። እኛ የጎረቤት ሴቶች ግቢው ውስጥ እህል እንለቅማለን፣ ከሰንጋ ተራ የመጣው በሬ ግንድ ላይ ታስሯል። ባላምባራስ በረንዳው ላይ ሰዓቱን ይዘው ይበሳጫሉ። "ዛሬ ሚያዝያ ሠላሳ ነው። ይሄ ስምንት ይላል። ነገ ልደታ ነው፣ አንድ ነው፤ ይሄ ዘጠኝ ሊል ነው። በዓሉን የማያውቅ ሰዓት!" አሉ። ቀጥለው ቀኑን ለመመለስ ቆጣሪውን ወደ ኋላ ይጠመዝዙት ጀመር። ጠመዘዙት፣ ጠመዘዙት፣ ጠመዘዙት። እኔ ምስር እየለቀምኩ አያለሁ። ወዲያው ቀርጭ አለ። ግቢው ሁሉ ሰማው። ማንም ቀና አላለም።

"ወልዴን ጥሩልኝ" አሉ።

ወልዴ መጣ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካና ሰዓቱን ከፈተ፣ አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው። ባላምባራስ በላዩ ቆመዋል።

"እህስ? ምን ሆነ?"

"ጌታዬ፣ የቀኑ ጥርስ ተሰብሯል። ወደ ኋላ ሲ..."

እኔ ሳልኩ። ሰምቶኝ አቆመ።

"ወደ ኋላ ምን?" አሉ ባላምባራስ።

"አይ፣ ምናልባት ከድሮም እንከን የነበረው ይሆናል ጌታዬ።"

"ከድሮ? የካፒታኖ ስጦታ እንከን አለው ነው የምትለኝ?"

"እንደሱ አላልኩም ጌታዬ።"

"ታዲያ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?"

"ኧረ በፍጹም ጌታዬ።"

"እኔም አላጠፋሁትም፣ ካፒታኖም እንከን ያለው ነገር አይሰጥም። ይህን ሰዓት አሁን የከፈተው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"በቃ" አሉ። እንዲህ ነው ያሉት፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "ሌባ ነህ። ልቡን ልትሰርቅ ስትጎረጉር ሰበርከው። ዕቃ ቤት አስገቡት። ነገ ካፒታኖ ሲመጣ ይሄ ሰዓት ከሄደና ከጮኸ በዚያ በር ወደ ቤትህ ትወጣለህ። ካልሆነ በካፒታኖ መኪና ትወጣለህ።"

እናንተ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም። ያ የየካቲቱ እልቂት ገና ከልባችን አልወጣም። ወንድሜን ለጥያቄ ነው ብለው ከበር ጠርተው ነው የወሰዱት። የጫማውን ክር እንኳ አላሰረም፣ መጣሁ ብሎኝ ነው የወጣው። ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም፣ ሬሳውንም አላየንም። እና እኔ ያን ቀን ምስሩ ከእጄ ላይ ተበትኖ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጎረቤቶቼ ምስሩን ለቀሙልኝ፣ አንዷም ቃል አልተነፈሰችም። ሁላችንም አይተናል። ባላምባራስ ናቸው የሰበሩት ብሎ የሚናገር አንድ አፍ ግን አልነበረም፣ የእኔም አፍ ጭምር።

ከሰዓት በኋላ ምሳ ቋጥሬ፣ መሣሪያውን በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። ዘበኛው ከፈተልኝ። ወልዴ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፣ ሌላ ጆንያ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ለፍላፊውን ከፍቶ አጋድሞታል። ቀና ብሎ "ድዳውን አምጥተሽልኛል?" አለኝ፣ ከሁሉ በፊት።

"አምጥቻለሁ። ምን ያደርግልሃል?"

"ሲሄድ ልስማው።"

ወስዶ ጆሮው ላይ አደረገው። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ትንሽ ሰምቶት ረጋ። እኔ ዞሬ እንባዬን ጠረግሁ።

"እህ፣ ምን ይሻላል?" አልኩት።

"ነይ ተመልከቺ። መሄጃው ደህና ነው። ሞላው፣ ያ የሚጠቀለለው ሽቦ፣ ደህና ነው። የተሰበረው ጥርስ ወድቆ መሐል ገብቷል። ቀኑ ጨረቃዋን ይዟል፣ ጨረቃዋ ደወሉን ይዛለች፣ ተያይዘው ቆመዋል። የተጫነበትን ሁሉ ባወርድለት ይሄዳል። እንደ ድዳው ይሄዳል።"

"አውርደዋ።"

"ደወሉስ? ካፒታኖው ይጩህልኝ ቢልስ?"

"ጥርሱን መሥራት አትችልም?"

"ያን ጥርስ የሚሠራ ሰው ባሕር ማዶ ነው ያለው ብርቄ።"

እሱ ካቻቢቴውን አነሳና ያወርድ ጀመር። ደወሉን አወጣ፣ ቀኑን አወጣ፣ የጨረቃዋን አወጣ። ጨርቁ ሞላ። የቀኑን ቁጥር በመስኮቱ ላይ በሁለት ቁጥር መሐል፣ ባዶው ላይ አቆመው፣ አንድም አይል ዘጠኝም አይል። ከዚያ ሞላው። ለፍላፊው ሄደ። አንድ ቃል ሳይናገር ጢቅ ጢቅ ይል ጀመር።

በዚህ መሐል ባላምባራስ ገቡ። ሲሄድ ሰሙና ፊታቸው በራ። ቁልፉን ተጫኑት። ዝም። እንደገና ተጫኑት። ዝም።

"አይጮኽም?"

"አይጮኽም ጌታዬ። ከጮኸ አይሄድም፣ ከሄደ አይጮኽም።"

"ቀኑስ አንድ ይላል?"

"ቀን የለውም ጌታዬ።"

"ሰዓቱስ በማን ነው? አሁን አሥር ሰዓት ነው፣ ይሄ አራት ይላል።"

"ካፒታኖ ስለሚያዩት በእነሱ አደረግሁት ጌታዬ።"

"እና እኔ በራሴ ቤት፣ በራሴ ኪስ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው?" አሉና እጃቸውን ወደ ቆጣሪው ሰደዱ። ሊጠመዝዙት ነው። እኔ ነፍሴ ወጣች። እንደገና ቢሰበር ወልዴ አለቀለት።

"ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልበል" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ሆንሽ?"

"ኧረ አልሆንኩም። ግን የቤቴን ሰዓት የማነበው እኔ ነኝ።" ድዳውን ከወልዴ እጅ ወስጄ አሳየኋቸው። "ይመልከቱ። ራሱ የት ላይ ነው?"

"አራት ላይ።"

"ጅራቱስ?"

ጎንበስ አሉ። "አሥር ላይ።"

"አሁን ለእኛ ስንት ሰዓት ነው?"

ሰዓቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ያዩታል፣ በበሩ ፀሐይዋን ያያሉ፣ መልሰው ሰዓቱን ያያሉ።

"ራሱን ለጣሊያን ይተዉላቸው ጌታዬ። ጅራቱን እርስዎ ይያዙት። ምንም መጠምዘዝ አያስፈልገውም።"

ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ ነው ያወቅሁት። ባላምባራስ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"ማነው የጠመዘዘው?"

"ማንም ጌታዬ። ማንም አልጠመዘዘውም።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ወልዴ ከጆንያው ላይ ተነሳ፣ በእኔና በእሳቸው መሐል ሊቆም ነው። ከዚያ የራሳቸውን ሰዓት አዩና "የእኔው ቆጣሪ ጅራት የለውም" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ለፍላፊው ቆጣሪ ወርቅ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጅራት የለውም። ዓይናቸው ድዳው ላይ ወደቀ።

"የዚህን ንቀልና ለዚያ አድርግለት።"

ወልዴ አንድ ጊዜ እኔን አየኝ። ከዚያ "እሺ ጌታዬ" አለ። የድዳውን አጭር ቆጣሪ ነቀለው፣ ቀዳዳውን በሞረድ አስፍቶ ለፍላፊው ላይ ሰካው። እኔ ያን ጊዜ እንዴት እንደከፋኝ አልነግራችሁም። ለድዳው ረጅሙ ብቻ ቀረለት። ባላምባራስ ሰዓቱን ተቀብለው በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና "ነገ ደወሉን ከጠየቁኝ ግን አንተን ነው የማሳያቸው" አሉት። ዘበኛው በሩን ቆለፈው።

በማግስቱ ልደታ ነው። ቅዳሴ ሄጄ ምን እንዳልኩ እሷ ማርያም ታውቃለች። ግቢው ሞላ፣ ዛፉ ሥር ንፍሮው በገበታ ቀርቧል፣ ሰው ሁሉ አዲስ ለብሷል። ካፒታኖው ሁለት ወታደር አስከትሎ በመኪና መጣ። አስተርጓሚ አለው፣ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው። ወልዴን ዕቃ ቤቱ በር ላይ በሁለት ዘበኛ መሐል አቁመውታል። እኔ ውኃ ለማስታጠብ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከካፒታኖው ጀርባ ቆሜያለሁ። መኪናው በሩ ላይ ነው፣ የኋላው በር ክፍት ነው። ዓይኔ ከዚያ በር ላይ አልነሳ አለ።

ካፒታኖው በላ፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ። ከዚያ በጣቱ የባላምባራስን ኪስ እያሳየ "ሱዎና፣ ሱዎና" አለ።

"አስደውሉት ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

ባላምባራስ ሰዓቱን አወጡ። ክዳኑን ከፈቱ። ወርቁ ቆጣሪና ጥቁሩ ቆጣሪ ጎን ለጎን፣ እኔ ካለሁበት ይታየኛል። ቁልፉን ተጫኑት። ምንም የለም። ንፍሮ የሚቆረጥመው ሰው ሁሉ አፉን አቆመ። ደግመው ተጫኑት። ካፒታኖው ግንባሩን ቋጠረ፣ የሆነ ነገር ተናገረ።

"የሰጠሁዎት ስጦታ ተበላሸ ወይ ይላሉ።"

የባላምባራስ ጣት ተነሳ። አየሁት፣ በዚህ ዓይኔ፣ ጣታቸው ተነስቶ ወደ ወልዴ ዞረ፣ አፋቸው ተከፈተ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ለቀቅሁት፣ ውኃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። "ይሄ..." አሉ ባላምባራስ። "ይሄ..." አሉና ቆሙ። ለምን እንደቆሙ ታውቃላችሁ? ተበላሸ ካሉ የካፒታኖው ስጦታ ተበላሸ ማለት ነው። ይሄ ሰው አበላሸው ካሉ ደግሞ ስጦታውን ለዚህ ሰው አሳልፎ የሰጠው ማነው? ትናንት ወልዴን ያስገቡበት ጉድጓድ ውስጥ ዛሬ እራሳቸው ቆመዋል። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ጣታቸው አሁንም አየር ላይ ነው።

ከዚያ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወረደና ደረታቸው ላይ ሆነ፣ ወገባቸው ጎንበስ አለ። "አልተበላሸም ጌታዬ" አሉ። "ደህና አድርጎ ይናገር ነበር። ነገር ግን እርስዎ ባሉበት ግቢ ሌላ ተናጋሪ አይኑር ብዬ አፉን አዘጋሁት።"

ወይ ምላስ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምላስ አላየሁም። አስተርጓሚው ተረጎመው። ካፒታኖው ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ፣ ወታደሮቹም ሳቁ፣ ግቢው ሁሉ ሳያውቀው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ ዛፉን ይዣለሁ።

አበቃ ብዬ ነበር። ካፒታኖው ግን ሳቁን ሳይጨርስ "ኬ ኦራ?" አላቸው። ስንት ሰዓት ነው ማለቱ ነው። ባላምባራስ ሰዓቱን አዩ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ራሱ አሥራ ሁለት ላይ ነው፣ ጅራቱ ስድስት ላይ ነው። ራሱን፣ ራሱን አልኩ በሆዴ፣ ራሱን አንብብ። እሳቸው ግን ደንግጠው ስለነበር ጅራቱን አነበቡ።

"ስድስት" አሉ።

ለጣሊያን ስድስት ሰዓት ንጋት ነው። በጠራራ ፀሐይ ንጋት ነው ሊሉት ነው። ሰዓቱን ተቀብሎ ያየዋል፣ ጥቁሩን ቆጣሪ ያያል፣ ማን ነካው ይላል፣ አለቀ። አስተርጓሚው ባላምባራስን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ሳያርገበግብ "ዶዲቺ" አለ። አሥራ ሁለት ማለት ነው። እሱም ያው ሐበሻ አይደል፣ ቀኑን ሙሉ የእኛን ስድስት የእነሱ አሥራ ሁለት ሲያደርግ ነው የሚውለው። አውቆ ያድነን፣ በልማድ ያምልጠው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባውቀው እግሩን እስመው ነበር።

ካፒታኖው ለማመሳከር የራሱን አወጣ። የእሱም ወርቅ ነው፣ የእሱም ባለ ጨረቃ ነው፣ የዚያኛው ወንድም ነው የሚመስለው። አየው። ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀው። እንደገና ነቀነቀው። ከዚያ ማንም እንዳላየው አድርጎ ኪሱ ከተተው። ከጀርባው ስለቆምኩ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ተነስቶ መኪናው ውስጥ ገባ፣ የኋላው በር ባዶውን ተዘጋ።

ወልዴን በግቢው በር ወደ ቤቱ ለቀቁት። መንገዱን ስንሄድ እጄን ይዞኛል፣ ያን ጊዜ ባልና ሚስት መንገድ ላይ እጅ ለእጅ አይያያዙም፣ እኛ ግን ተያይዘን ሄድን። ቤት ስንደርስ ድዳውን አውጥቶ ሰጠኝ። እኔ ሞላሁለት።

ታዲያ ጣሊያን ወጣ። ንጉሡ ገቡ። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ማን አርበኛ ነበር፣ ማን የውስጥ አርበኛ ነበር እየተባለ ምስክርነት ይሰጣል። ባላምባራስ ተነሱ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተነሱ፣ ያንን ሰዓት አወጡ፣ ክዳኑን ከፈቱ። "ወገኖቼ" አሉ። "በዚያ በጨለማው ዘመን ጠላት የራሱን ሰዓት በግድ ሲጭንብን እኔ በኪሴ የሐበሻን ሰዓት ደብቄ ኖሬያለሁ። ራሱን ለጣሊያን አሳይቼ፣ ጅራቱን ለሐበሻ ጠብቄአለሁ። ይኸው ጥቁሩን ቆጣሪ እዩት። ደወሉንም ለጠላት እንዳይጮህ አፉን ዘግቼዋለሁ።" ሰዉ አጨበጨበ። አጨበጨበ እላችኋለሁ። በኋላ ግራዝማች ሆኑ።

የእኔ ቃል ነው እኮ። ከእኔ አፍ የወጣ ነው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ባሌ ሞት ፊት ቆሞ። እኔ ልነሳ ስል ወልዴ ቀሚሴን ያዘኝ። ያ በሕይወቱ ሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው እራሱ ተነሳ። "ባላምባራስ" አለ፣ ጌታዬ አላላቸውም። "አሁን ነፃ ወጥተናልና ቆጣሪዬን ይመልሱልኝ።"

ሰዉ ምን እንደሚል አልገባውም። ባላምባራስ ግን ገብቷቸዋል። ፊታቸው ትንሽ ቀላ፣ ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርገው ዘጉት። "ይሄ እኮ አሁን ታሪክ ነው ወልዴ" አሉት። "ታሪክ አይነካም።"

እና ቀረ። ከእሳቸው ጋር ተቀበረ ይሁን፣ ልጆቻቸው ይዘውት ይሁን አላውቅም፣ ሰርጉ ላይ ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ የሙሽራ ቤት ነው ብዬ ተውኩት። ወልዴንም ሌላ ቆጣሪ ለምን አታደርግበትም ብዬው ነበር፣ መሳቢያው ሙሉ ነው፣ ስንት ዓይነት አለው። "ተዪው ብርቄ" አለኝ። "ጎዶሎው ይታይ። የሚጠይቅ ሰው ከመጣ እንነግረዋለን።" እስኪሞት ድረስ የጠየቀው ሰው የለም። እኔንም ዛሬ ገና ነው የጠየቃችሁኝ።

ዳዊት፣ ያንን ሳጥን ክፈተው። ከነጠላው ሥር፣ አዎ፣ በመሐረቡ የተጠቀለለው። ዛሬ ጠዋት ሞልቼዋለሁ። ጆሮህ ላይ አድርገው። ይሄዳል? ይሄዳል አይደል? በል አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ንገረኝ።

"እማማ፣ ሃያ ደቂቃ ይላል። ከስንት እንደሆነ ግን አይናገርም።"

ከስንት እንደሆነማ ወጣ በልና ፀሐይዋን እይ። ወይም ያንን መደመር የሚያውቀውን ጠይቀው። (ሳቅ።)